ነጥቦቹን ቀስ ብለሽ አንብቢ

ይድረስ ለወንድሜ ለሪፍዓት፤

እንደምን ከረምክ? ጤናህን እንዴት ይዞሃል? የወገብህ ሕመም ተሻለህ ወይስ አሁንም ከወንበር ስትነሳ ጠረጴዛ ትደገፋለህ? የኩዌት ሙቀት እንዴት አደረጋችሁ? ባለቤትህ ጋዳ ደህና ናት? ሙሐናድ ፈተናውን አለፈ? የዱሓ የፊት ጥርስስ በቀለላት? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። የእማዬ ጉልበት ደረጃ ሲወጣ ያማታል፤ ዓይኗ ላይ ያለው ሞራ እንደነበረ ነው፤ አልባሰም፣ አልተሻለም። ሰላምታውን ሳላሟላ ወደ ጠብ እንዳልገባ አስምላኛለች። አሟልቻለሁ። አሁን ወደ ጠቡ።

ተናድጃለሁ። ይህን ቃል ጻፍኩና ብዕሩን አስቀምጬ በረንዳ ላይ ወጣሁ፤ ወደ ታልኻ የሚሻገረው ጀልባ ወንዙን እስኪያቋርጥ ቆሜ አየሁ፤ ተመለስኩ። አሁንም ተናድጃለሁ። እንዲያውም ጨምሮብኛል፣ ምክንያቱም ስመለስ ቃሉ ወረቀቱ ላይ ትንሽ ሆኖ አገኘሁት።

ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ ስትደውል ያነሳሁት እኔ ነበርኩ። ድምፄን ሰምተህ «እማዬን አቅርቢልኝ» አልክ፤ እንደ እንግዳ ሰው። መጽሐፉን የጻፍኩት እኔ፣ ስሜ ሽፋኑ ላይ ያለው እኔ፣ የተነጋገርከው ግን ከእሷ ጋር። ድምፅህ ከጆሮዋ አልፎ ኮሪደሩ ድረስ ይሰማ ነበር። «ልጅሽ መሳቂያ አደረገችሽ» አልካት። «ኩሽና ውስጥ በምታሰሚው ትንፋሽ ወንድ ሁሉ ይስቃል። እነዚያን መጻሕፍት ከቤት አስወጪ፣ የምታስነብቢውንም እሷ የጻፈችውንም፤ ሁሉም አንድ ቆሻሻ ነው። እሷም መጽሐፏን ከገበያ ታንሳ፤ አለዚያ እህት የለኝም» አልክ። እማዬ «እሺ ልጄ» አለችና ዘጋች። ከዚያ ስልኩን በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችው። የሚጠረግ ነገር አልነበረውም።

በዚያው ሰዓት የማነብላትን መጽሐፍ ቅጾች በሙሉ ከአልጋዋ ሥር አውጥታ በላስቲክ ከረጢት ከተተች። አፉን ቋጠረች። ቋጠሮው ላይ ሌላ ቋጠሮ ደገመች። በር አጠገብ አስቀመጠችውና ሶላቷን ልትሰግድ ሄደች።

ሳታነብ ስለምትፈርድ፣ ምን እንደፈረድክ ልንገርህ።

የማነብላት ተከታታይ መጽሐፍ «ሐር የለበሰ ነበልባል» ይባላል። በየጋዜጣ መሸጫው የሚሸጥ የኪስ መጽሐፍ ነው፤ ከዳቦ ቀድሞ የሚያልቅ። ሽፋኑ ላይ ሁልጊዜ አንዲት ሴት አንገቷን ወደ ኋላ ጥላለች፤ ከኋላዋ አንድ ሰው ቆሟል፤ አንገቷ ላይ የጠፋበትን ነገር የሚፈልግ ይመስላል። ሰውየው ባላባቱ ሸሪፍ ቤክ ነው። ቅንድቡ ላይ ጠባሳ አለው፣ ፈረስ አለው፣ እርሻ አለው፤ ሥራ የለውም። ሴትዮዋ ጁማና ናት። በየገጹ ትንፋሿ ቁርጥ ይላል። እንዲህ ያለች ሴት ከቤክ ይልቅ ሐኪም ነበር የሚያስፈልጋት። እናም ነገሩ ሲግል፣ በሩ ሲዘጋ፣ መብራቱ ሲጠፋ፣ አሳታሚው ሳንሱርን ይሁን አላህን ፈርቶ አንድ መስመር ሙሉ ነጥብ ይደረድራል። ከነጥቦቹ በኋላ ነግቷል። ወፎች ይንጫጫሉ። ጁማና ፀጉሯን ታበጥራለች።

እማዬ በሞራው የተነሳ ማንበብ ካቃታት ወዲህ የማነብላት እኔ ነኝ። ጠዋት ለሴት ተማሪዎች ሰዋስው አስተምራለሁ፤ ወደ ማታ፣ ከዐስር ሶላት በኋላ፣ በረንዳ ላይ ተቀምጬ «ከንፈሩ እንደ ፍም አቃጠላት» እያልኩ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነባለሁ። ከታች ያለችው እትዬ ነበዊያ ወንበሯን ወደ ግድግዳው አስጠግታ ትሰማለች፤ መኪና ሲያልፍ «ድገሚልኝ እቴ፣ ያቺን አላገኘኋትም!» ትላለች። ነጥቦቹ ጋ ስደርስ እዘላለሁ፤ ምን ይነበባል? እማዬ ግን ነቃችብኝ። «ምን ዘለልሽ?» አለችኝ። ነጥብ ነው አልኳት። «ነጥብም ቢሆን አንብቢ።» አነበብኩ፤ ነጥብ፣ ነጥብ፣ ነጥብ። «ምን ያስሮጥሻል?» አለችኝ። «ነጥቦቹን ቀስ ብለሽ አንብቢ።»

ቀስ ብዬ ነጥብ ማንበብ፣ ሪፍዓት። በዚህ ዕድሜዬ። እሷ እጇን በረንዳው ብረት ላይ አድርጋ የማታየውን ወንዝ እያየች፣ እኔ ነጥብ፣ ነጥብ። አንዳንድ ቀን ድምፄ የእኔ አልመስል ይለኛል።

ከዚያ ንዴት ነው የእኔ መጽሐፍ የወጣው። ነጥቦቹን ልሙላቸው አልኩ። ሰው እዚያ ውስጥ ምን ያለ ይመስለዋል? ሙሉኺያ አለ! ጁማና የሙሉኺያ ወጥ ስትሠራ ነው። ስሙን «ነጭ ሽንኩርት የለበሰ ነበልባል» አልኩት። የእኔ ሸሪፍ ቤክ ጨጓራ አለበት፤ ፈረሱ አስም ስላለበት ዳገት ላይ ቤኩ ይወርድና ፈረሱን እየደገፈ ይወጣል። እና ያ ገጽ፣ መሥሪያ ቤትህ ውስጥ የተነበበው ገጽ፣ እንዲህ ነው፦ በሩ ተዘጋ። ጁማና ትንፋሿን ሳበች፤ ህእ! ቤኩ «ነፍሴ!» ብሎ ዓይኑን ጨፈነ። ሲገልጥ ነጭ ሽንኩርቱ ድስቱ ውስጥ ገብቷል። ከዚያ አንዲት ትንሽ ህእ ተሰማች። «ይህቺስ?» አለ እየተንቀጠቀጠ። «ትኩስ ቅቤ ጣቴ ላይ ተፈናጥሮ ነው» አለችው።

አሁን የማታውቅ ለመምሰል ስለምትጥር ላስታውስህ። የጥንቸሉ መረቅ ሲፈላ፣ የሙሉኺያው ቅጠል በባለ ሁለት እጀታው ቢላ ደቅቆ ሲገባ፣ ነጭ ሽንኩርቱና ድንብላሉ በቅቤ ቡናማ ሲሆን፣ ወደ ድስቱ በሚገለበጥበት ቅጽበት ሴት ሁሉ የደነገጠች ያህል ትንፋሿን ወደ ውስጥ ትስባለች። ካልሳበች ሙሉኺያው አይጥምም። በዚህ አገር ይህን የማያውቅ ምላስ የለም። የእማዬ ግን ሁለት ነው። አንድ ትልቅ፤ ከዚያ መጥበሻውን ሳታስቀምጥ አንድ ትንሽ፣ እንደ መልስ። ልጆች ሆነን ሁለተኛዋን ስንሰማ ነበር እጃችንን ለመታጠብ የምንሮጠው። አንተ ትቀድመኝ ነበር።

መጽሐፉን ሐጅ ሹክሪ በማተሚያ ቤቱ አተመው። ከዚያ ሌላ መከራ ጀመረ። እኔ ያሰብኩት ሰው እንዲስቅ ነበር። እትዬ ነበዊያ አለቀሰች። «ምስኪን!» አለች፤ «ያን ሁሉ ከትፋ፣ ያን ሁሉ ጠብሳ፣ ሰውየው ጨጓራ!» አፍንጫዋን እየጠረገች ወደ ቤቷ ገባች። የመድኃኒት ቤቱ ዶክተር ባህጋት መንገድ ላይ እጄን ይዞ፣ ግራና ቀኝ አይቶ፣ «ጎበዝ። ባለ አስሙ ፈረስ ማን እንደሆነ ገብቶኛል» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ፈረሱ ፈረስ ነው ስለው ጥርሱን አሳይቶኝ ሄደ። የትምህርት ቤታችን ርዕሰ መምህርት ሳቅ እንዳልመጣላት፣ ግን የምግብ አሠራሩ ትክክል እንደሆነ ነገረችኝ። ከታንታ አንድ ሰውዬ ጁማና ነጭ ሽንኩርት አበዛች ብሎ ተቆጥቶ ጻፈልኝ። ተማሪዎቼ ደግሞ ቤኩ በስተመጨረሻ ያገባት እንደሆነ ይጠይቁኛል። ያገባት እንደሆነ! ቀን ቀን ይህን ሁሉ እሰማለሁ፤ ከዚያ መስታወት ፊት ቆሜ የጻፍኩትን አንቀጽ ለራሴ አነባለሁ፤ እኔም አልስቅም። የትኛው መስመር ላይ ይሳቅ እንደነበር ይጠፋኛል። ሰው የሚያነበው የተጻፈውን አይደለም ማለት ነው? ታዲያ እኔ ምን ጻፍኩ?

በትክክል የሳቁት የአንተ መሥሪያ ቤት ሰዎች ብቻ ናቸው። አንተም። አዎ፣ አንተም። ጋዳ ሐሙስ ደውላ ነገረችኝ፤ ንገሪው ብላኛለች፣ ስለዚህ እሷ ላይ አትጩህባት። ምሳ ሰዓት ላይ አንዱ ያን ገጽ ጮክ ብሎ ሲያነብ ከሁሉ ይልቅ ድምፅህን ከፍ አድርገህ የሳቅኸው አንተ ነህ። ሁለተኛዋ ትንፋሽ ላይ ዓይንህ እንባ እስኪያቀር ስቀህ «ወላሂ ይህቺን ሴትዮ አውቃታለሁ!» አልክ። ከዚያ መጽሐፉን ተቀብለህ ሽፋኑን አየኸው። ስሜን አነበብክ። የአባታችንን ስም ከስሜ ቀጥሎ አነበብክ። ቤት ገብተህ ወደ እማዬ ደወልክ።

የሚያናድደኝ ይህ ነው። ጠልተኸው ብትቆጣ እኮ የጣዕም ጉዳይ ነው እላለሁ። ወደኸው ነው የተቆጣኸው። ሳቅህን አፍህ ውስጥ ይዘህ፣ የሳቅህ ዋጋ በእሷ ላይ ይከፈል አልክ። ጨለማው ሁሉ ለእሷ፤ ዓይኗ አልበቃ ብሎ ጆሮዋንም ልትዘጋባት።

ዓርብ መጣ። እማዬ መኮሮኒ ሠራች። መኮሮኒ፣ በዓርብ፣ በሰኔ፣ ገበያው በሙሉኺያ ተሞልቶ! በላን። የማንኪያ ድምፅ ብቻ። እትዬ ነበዊያ ከታች «እናንተ ቤት ምነው ዛሬ ጭር አለ? ድስቱ ሞተ እንዴ?» ብላ ጮኸች። ከረጢቱ በሩ አጠገብ እንደተቋጠረ ነው። ስወጣ ስገባ እግሬ ይመታዋል።

በሳምንቱ ሐሙስ፣ ጋዳ ከደወለች በኋላ፣ አልቻልኩም። ተቀመጥኩና፣ እማዬ፣ ሪፍዓት ያለውን አትስሚ፣ ያቺ ሴት አንቺ መሆንሽን ከእኛ በስተቀር ማንም አያውቅም አልኳት። «ሪፍዓትን ማን አነሳው?» አለችኝ። ዝም ያልሽው መሳቂያ ሆንሽ ስላለሽ አይደለም ወይ ብላት፣ «አንቺ ልጅ፣ የኩሽናዬ መስኮት በመንገድ ዳር ነው» አለች። «ዕድሜዬን ሙሉ ሰፈሩ ሲሰማኝ ኖሯል። ኩዌት ቢሰማኝ ምን ይቀነስብኛል?» ታዲያ ለምን አልኳት።

ከዚያ «በቅቤው አይደለም» አለች።

አልገባኝም።

«ሁለተኛዋ። ቅቤ ተፈናጥሮ ነው ብለሻል። በቅቤው አይደለም። አንደኛዋ የድስቱ ናት። አባታችሁ፣ አላህ ይማረው፣ በሩ ላይ ቆሞ ይሰማ ነበር። ሁለተኛዋ . . .» አለችና ቀሚሷን ጉልበቷ ላይ አስተካከለች። አልጨረሰችውም። ሪፍዓት፣ እኔ ሰዋስው አስተማሪ ነኝ፤ ያላለቀ ዓረፍተ ነገር ሳይ እጄ ይበላኛል። ያን ጊዜ ግን አልነካሁትም።

ትዝ አለኝ። መጽሐፉ እንደታተመ በረንዳ ላይ ለእሷና ለእትዬ ነበዊያ ሳነብላቸው፣ ያ ገጽ ላይ ስደርስ «ይበቃል፤ ዓይኔን ደከመኝ» ብላኝ ነበር። የማነበው እኔ ነበርኩ። የደከማት የማን ዓይን እንደሆነ አልጠየቅኩም፤ ነበዊያ ለምን አትስቅም ብዬ ተበሳጭቼ ነበር።

«ነጥቦቹን ለምን እንደምወዳቸው ታውቂያለሽ?» አለችኝ ከዚያ። «ባዶ ስለሆኑ። ነበዊያ የራሷን ታስቀምጥበታለች፤ እኔ የራሴን አስቀምጥበታለሁ። አንዳችን ያንዳችንን አንጠይቅም። አንቺ መጣሽና ነጭ ሽንኩርት ሞላሽበት። ወንድምሽ ደግሞ ጭራሽ ከቤት ይውጣ ይላል። ሁለታችሁም ነካካችሁት።» ቀጥላም «አባታችሁ እንዲህ ነገር አይነካካም ነበር» አለች።

ይህ አንተን ነፃ ያወጣህ እንዳይመስልህ። ሦስት ጊዜ አስቤበታለሁ፤ አያወጣህም። እኔ ልብ ሳልል ሞላሁት፤ አንተ አውቀህ ልትቀደው ነው። እሷ እኔን ፊት ለፊት ተቆጣችኝ። አንተን ግን «እሺ ልጄ» አለችህ። እማዬ «እሺ ልጄ» የምትለው መቼ እንደሆነ ከረሳህ ሥራ አበላሽቶ ገንዘብ ለሚጠይቅ ግድግዳ ቀቢ የምትለውን አስታውስ።

በዚያው ዕለት ወደ ሐጅ ሹክሪ ሄድኩ። ሁለተኛውን እትም ሊያስገባ ወረቀት እየቆረጠ ነበር። መጽሐፉን ከገበያ ላነሳ የመጣሁ መስሎት እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። ላነሳ አልመጣሁም፤ አላነሳውምም፤ ይህን በግልጽ አንብብ። አንዲት ቦታ ብቻ አስለወጥኩ። ቤኩ «ይህቺስ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ከዚያ በኋላ ቅቤም የለ፣ ጣትም የለ፤ አንድ መስመር ነጥብ። ሐጅ ሹክሪ መነጽሩን አውልቆ አየኝ። «አስተማሪዋ፣ ምን ነካሽ? ቀልዱ እኮ እዚህ ጋ ነው! ሰው በነጥብ ይስቃል?» አለ። አይሳቅበት አልኩት። «እንግዲህ ባለ ሐሩ መጽሐፍም እንደዚህ ነው የሚያደርገው፤ ታዲያ በምን ተለየሽ?» አለኝ። መንገዱን ሁሉ ይህን ጥያቄ ይዤ ሄድኩ፤ ቤት ስደርስ አብሮኝ ገባ።

ለእማዬ ነገርኳት። «ስንት ነጥብ ነው?» አለች። መስመር ሙሉ አልኳት። ራሷን ነቀነቀች፤ ጨርቅ እንደሚመረምር ጥሩ ሸማኔ። ከዚያ ከረጢቱን በእግሯ ወደ እኔ ገፋችውና «ፍቺው» አለችኝ። ሁለተኛው ቋጠሮ በጥርስ ነው የተፈታው።

ትናንት ዓርብ ሙሉኺያ ሠራች። ልሰማ ብዬ ኩሽናው በር ላይ ቆምኩ። ቅቤው ተንጣጣ፤ ነጭ ሽንኩርቱ ሸተተ፤ መጥበሻውን አነሳች። ህእ! መስኮቱ ክፍት ነው፤ ከታች እትዬ ነበዊያ «ይባርክ!» አለች። እኔ ሁለተኛዋን ጠበቅኩ። እማዬ መጥበሻውን እንደያዘች፣ ፊቷን ሳታዞር፣ «ከበሩ ዞር በይ» አለችኝ። ዞር አልኩ። ኮሪደሩ ውስጥ ጀርባዬን ለግድግዳው ሰጥቼ ቆምኩ።

ምን እንደሰማሁ አልነግርህም።

ስንበላ ለሪፍዓት ምን ልበለው አልኳት። እያላመጠች አሰበች። «መጽሐፉ በቤቴ ነው በይው። ልጄም በቤቴ ናት። ደግሞ የስልኩ ሒሳብ ብዙ ነው፤ ሲቆጣ ደብዳቤ ይጻፍ፤ ጽሑፍ ሰውን ያበርዳል በይው» አለች። እኔን አላበረደኝም። ይኸው እስከዚህ ጽፌ አሁንም ጆሮዬ ይግላል። እህት የለኝም ማለትህ ግን እንደ ሌላው ንግግርህ አላናደደኝም፤ እሱ እንቅልፍ ነው የነሳኝ። ይህን ልትመልሰው ትችላለህ፤ በደብዳቤም ቢሆን፣ በአንድ መስመርም ቢሆን።

እንግዲህ ሰላምታ። ጋዳን ሳምልኝ ብላለች እማዬ፤ «አዲሱን ቅጽ ስጨርሰው እልክልሻለሁ፣ ሸሪፍ ቤክ ፈረሱን ሸጦታል» በላት ብላለች፤ ከዚህ በላይ እንዳልነግራት ተከልክያለሁ። ሙሐናድን ጉንጩን ሳምልኝ፤ ሰዋስው ካስቸገረው ይጻፍልኝ። ዱሓን ጥርሷ ያልበቀለበትን ቦታ ሳምልኝ። እትዬ ነበዊያ ሁላችሁንም ሰላም ትላለች፤ አንተን ለብቻህ «ያ ስስታም ልጅ አሁንም ድስት ሥር ይልሳል ወይ?» ትልሃለች። ከእማዬ ለአንተ የወገብ ቅባት በሐጅ ሹክሪ ልጅ እጅ ተልኳል፤ ሳታሞቀው አትቀባ።

ከእኔ ለአንተ ደግሞ፦

. . . . . . . . . . . . . . . . . . . . . . . . . . . . . .

እንደ ጣዕምህ ሙላው። ብቻ ቀስ ብለህ አንብበው።

እህትህ ኢንሺራሕ
ማንሱራ፣ ቅዳሜ፣ ሰኔ ወር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር 1998